ድራመሩ ከመድረክ ሲወርድ

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንዱ ኮሚናል ቤት ለሰፈሩ ወጣቶችና ወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከመገናኛ ሰልፍ ተርፋችሁ፣ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ እዚህ የመጣችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ያስታውቃል። እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ምንጣፉ ላይ አረፍ በሉ። የዕድሩ ምንጣፍ ነው፤ ሰው ሞቶ አይደለም የተነጠፈው፣ አይዟችሁ።

ኮሚቴዎቹ «ጋሼ፣ ስለ ሙዚቃ ሕይወትዎ ያጫውቱን» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ያኔ እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲያ ነበርኩ» የሚል ሽማግሌ አይመቸኝም። ስለዚህ የሌላ ሰው ሕይወት ይዤ መጣሁ። ካናዳ ያለች የእህቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ «አጎቴ፣ እሱም እንዳንተ ድራመር ነው» ብላ አንድ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ መጽሐፍና ስለጻፈው ሰው ነው። መሃል መሃል ላይ ስለራሴ ካመለጠኝ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዋልያስ ባንድን የማያውቅ አለ? የለም። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት አልበም ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን እንደተጫወተ የሚያውቅም አይጠፋም። ድራሙን የመታውስ ማን ነው?

አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። ተማረ ሐረጉ ይባላል። ስንት ጊዜ በሱ ምት እግራችሁን አወዛውዛችኋል፣ ስሙን ግን ማንም አልነገራችሁም።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ዘፋኙን የማውቀው በጀርባው ነው። ሸሚዙ በላብ መራስ የሚጀምረው ትከሻና ትከሻው መሃል ነው፣ ከዚያ ወደ ወገቡ ይወርዳል። ወገቡ ጋ ከደረሰ ድምፁ ሊደክም ነው፤ ለስለስ ያለ ዘፈን እናስገባለን። የቤዝ ጊታሪስቱን ተረከዝ አያለሁ። ተረከዙ ከምቱ ከዘገየ ሁለተኛውን ቢራ ጨርሷል ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ካሸሯ ጋ ቆሞ ሲቆጥር አያለሁ። ዛሬ ይከፈለናል ወይስ «ነገ ኑ» እንባላለን የሚለውን ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያውቀው ድራመሩ ነው። ሁሉንም ያያል፣ እሱን ግን የሚያየው የለም።

ለዚህ ይመስለኛል የድራመሮች መጽሐፍ የሚጥመኝ። የፒንክ ፍሎይዱ ኒክ ሜሰን ጽፏል። የኒርቫናው ዴቭ ግሮል ጽፏል። «ዘ ባንድ» የሚባለው ቡድን ድራመር ሌቨን ሄልም ጽፏል። እኔ የያዝኩት ግን የኒል ፒርትን ነው።

ፒርት ራሽ የሚባለው የካናዳ ሮክ ባንድ ድራመር ነበር። ሦስት ሆነው ነበር የሚጫወቱት፤ ጌዲ ሊ ቤዝ ይዞ ይዘፍናል፣ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፣ እሱ ድራም። የዘፈኖቹን ግጥም በብዛት የሚጽፈውም እሱ ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1952 ነው። በእኛ መስከረም 2 ቀን 1945። ትልልቆቹ ቀኗ ሳትነቃባችሁ አልቀረችም። 22 ዓመት የሞላው መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት በወጡባት ዕለት። እሱ ባንዱን ከተቀላቀለ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፣ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር። ይሄ ምንም ትርጉም የለውም። ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

13 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ የሰጡት ስጦታ ዱላ፣ የልምምድ ፓድ፣ ማለትም የምትመታ የጎማ ሰሌዳ፣ እና የትምህርት ክፍያ ነው። ድራም የለም። «ዓመት ከቆየህበት እንገዛልሃለን» አሉት፣ ቆየበት፣ ገዙለት። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ይቺን ያዙልኝ። ልጃችሁ ድራም አማረኝ ሲል ብድር ውስጥ አትግቡ። ፓድ ይሰጠው። ዓመት ሙሉ ጎማ ላይ መምታት የቻለ ልጅ እውነትም ፈልጎታል። ያልቻለም ፓዷን ለታናሹ ያወርሳል፣ ቤቱም ሰላም ያገኛል።

18 ዓመቱ ላይ ሙዚቀኛ ልሁን ብሎ ለንደን ሄደ። እንዳሰበው አልሆነለትም። ሱቅ ውስጥ ጌጣጌጥ እየሸጠ ኖረና ወደ አባቱ ተመለሰ። አባቱ የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ነበሩ፣ እሱም መለዋወጫ መሸጥ ጀመረ።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ሳቅሁ። ምክንያቱም እኔም ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ሸጫለሁ። እሱ ከመለዋወጫ ወደ ባንድ ገባ፣ እኔ ከባንድ ወደ መለዋወጫ።

እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ መምታት የጀመርኩት በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ነው። ከዚያ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ገባሁ። ያኔ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም፣ ስንቱ ሙዚቀኛ ከዚያ ወጥቷል። ቀጥሎ የምሽት ክበብ ባንድ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ክበቡ በሩን ከዘጋ እስኪነጋ አይከፍትም፤ ደንበኛውም እኛም ታስረን እናድራለን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግማሹ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። እኔ ዱላዬን አስቀምጬ ብሩሽ አነሳለሁ። ስኔሩን፣ ከፊቴ ያለውን ትንሹን ድራም፣ በብሩሽ ክብ ክብ እያደረግኩ እጠርገዋለሁ፣ ሳክሶፎኑ ቀስ ብሎ ትዝታ ይነፋል። የተኛውን አንቀሰቅስም፣ ያልተኛውን አናስከፋም። ጭብጨባ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ጥሩ የተጫወትኩት በነዚያ ሰዓቶች ነው።

ከዚያ ኪቦርዱ መጣ። አንድ ሰው ያማሃውን ታቅፎ ይመጣል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ድራሙም ቤዙም ከውስጡ ይወጣል። ሠርግ ቤት፣ ሆቴል፣ ካሴት ላይ ሳይቀር እሱ ነገሠ። ባለ ክበቦቹም ለስድስት ሰው የሚከፍሉትን ለአንድ ከፈሉ። አልፈርድባቸውም። መጀመሪያ የተሸኘው ግን ድራመሩ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ይጮኻል፣ ዕቃው ብቻ የራሱ ታክሲ ይፈልጋል። እኔም የአክስቴ ልጅ ሱቅ ገብቼ ፍሬን ሸራና ፊልትሮ መሸጥ ያዝኩ። ብዙ ዓመት።

ወደ ፒርት ልመለስ። ራሾች የቀድሞ ድራመራቸው ሲለቅ እሱን ቀጠሩት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1974። ለመለማመድ የነበራቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ፒትስበርግ ላይ ከ11,000 በላይ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የዝና ታሪክ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ አለላችሁ፣ አልደግመውም። የሚገርመኝ ዝናው መሃል ሆኖ የሚያደርገው ነገር ነው። ሌሎቹ ሆቴል ሲያመሹ እሱ መጽሐፍ ያነባል። መጀመሪያ ብስክሌት፣ በኋላ ደግሞ ሞተር ብስክሌት ይዞ ከኮንሰርት ወደ ኮንሰርት በጠባብ የገጠር መንገድ ራሱን ችሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካሜሩን መጥቶ አገሩን በብስክሌት ዞረ። በኋላም ጻፈው።

ደግሞ ይቺን ስሙ። አርባን ካለፈ በኋላ፣ መጽሔቶች «የዓለም አንደኛ» ብለው ከመረጡት በኋላ፣ ፍሬዲ ግሩበር የሚባል አዛውንት መምህር ጋ ሄዶ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀመጠ። የዱላ አያያዙን ሳይቀር ቀየረ። ግሩበር የሚያስተምረው ዱላው ቆዳውን ስለሚመታባት ቅጽበት አልነበረም። በሁለት ምት መሃል ዱላው አየር ላይ ስለሚሄድበት መንገድ ነው። ለካ ዱላ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው አየር ላይ ነው! እኔ ስንት ዓመት መትቼ ይቺን ያሰብኳት መጽሐፍ ላይ ሳነባት ነው።

እስቲ እጃችሁን ልዋሰው። ሁላችሁም ጉልበታችሁን አዘጋጁ። ቀኝ እጃችሁ ስድስት ይቁጠር፣ እኩል እኩል፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት። ግራ እጃችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ብቻ ይምታ። ጎሽ። አሁን የቀኙን ሳታቆሙ ግራውን አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ አድርጉት። ተምታታ አይደል? ያው ስድስት ነው፣ አንዴ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዴ ለሦስት። ችክችካ የሚባለው ይሄ ነው። ጥሩ ድራመር ሁለቱንም ባንድ ላይ ይዞ ነው የሚመታው፣ እስክስታ የሚወርደው ሰው የፈለገውን መርጦ ትከሻውን ይጥልበታል። የትግርኛውን ምት ደግሞ በአምስት ቁጠሩት። ራሾች በሰባት የሚቆጠር ዘፈን ሲሠሩ የፈረንጅ ጋዜጠኛ ጉድ ይላል። የእኛ ሠርገኛ በአምስት ሲጨፍር ማን ጉድ ብሎ ያውቃል? ቢጠይቁትም «ምን አምስት?» ነው የሚለው።

እሺ፣ በቃ፣ እጃችሁን አሳርፉ። የሚቀጥለው ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1997 የፒርት አንድ ልጁ፣ የ19 ዓመት ወጣት፣ በመኪና አደጋ ሞተች። ዓመት ሳይሞላ፣ ጁን 1998 ላይ፣ ባለቤቱን በካንሰር አጣ። ለባንድ ጓደኞቹ ከእንግዲህ ጡረታ እንደወጣ ቁጠሩኝ አላቸው። ቤቱን ዘግቶ ሞተሩ ላይ ወጣ። በ14 ወር ውስጥ 88,000 ኪሎ ሜትር ነዳ። ወደ ሰሜን ዋልታ ጠርዝ፣ አላስካ፣ ከዚያ ወደ ታች ሜክሲኮ፣ ቤሊዝ። የያዝኩት መጽሐፍ ይሄ ነው፣ «ጎስት ራይደር» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የወጣው።

ድራመር የጻፈው መጽሐፍ ነው ብላችሁ ድራም ከፈለጋችሁበት ታዝናላችሁ። ድራም የለበትም ማለት ይቻላል። መንገድ አለ፣ ዝናብ አለ፣ የሞተር ሰርቪስ አለ፣ የየከተማው ቁርስ አለ፣ ታስሮ ለነበረ ጓደኛው የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። አንዳንዴ ይነጫነጫል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሰው ይንቃል፣ ትንሽ ያስጠላል እንኳ። አላስተካከለውም፣ እንዳለ ተወው። እኔ በዚህ ነው ያመንኩት።

አንድ ቦታ ላይ ነፍሱን እንደ ሕፃን ያያታል። ሕፃን ሲያለቅስ ይዘውት ካልተንቀሳቀሱ ዝም አይልም፤ የሱም ነፍስ ሞተሩ ሲሄድ ብቻ ነው ፋታ የምታገኘው። ይሄን ለማንም እናት ማስረዳት አያስፈልግም። አዝላችሁ እሹሩሩ ስትሉ ልጁን የሚያስተኛው ዘፈኑ ነው ወይስ ወገባችሁ መወዛወዙ? ሁለቱም ምት ነው። ሰውየው ድራሙን ትቶ ሄደ ይላሉ፣ እኔ ግን መንገዱ ላይም ምት ሲፈልግ ነው ያየሁት።

ጓደኞቹስ ምን አደረጉ? እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከመጽሐፉ ሁሉ የቆየብኝ ይሄ ነው። አልተኩትም። ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን ሌላ ድራመር ቀጥረው መቀጠል ይችሉ ነበር፣ የትኛው ድራመር እምቢ ይላል? ዝም ብለው ጠበቁ። ይመለስ አይመለስ ሳያውቁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመልሶ ስቱዲዮ ገባ፣ በ2002 አዲስ አልበም አወጡ። እኛ ጋ እናቱ የሞተችበት ሙዚቀኛ ሠልስት ሳይወጣ «ለቅዳሜ ትደርሳለህ ወይስ ሰው እንፈልግ?» ተብሎ ይደወልለታል። ለእኔም ተደውሎልኝ ያውቃል። የደወለው ሰው ክፉ አልነበረም፣ የቤት ኪራይ ነበረበት። ቢሆንም ያ ስልክ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ልላችሁ የመጣሁት ይሄ ነው። የሙዚቀኛን ሕይወት ስትጠይቁ ስለ መድረክ ብቻ አትጠይቁ። መድረክ ሁለት ሰዓት ነው። ስለ ቀሪው ሃያ ሁለት ሰዓት ጠይቁ። በማለዳ በእግሩ ሲመለስ ምን እንደሚያስብ፣ ባንዱ ሲፈርስ ምን እንደበላ፣ ጆሮው አሁንም ይጮኽበት እንደሆነ። የእኔ ይጮኻል፣ የግራው፣ በሃይ-ሃቱ፣ በእግር በሚጋጩት ሁለት ሳህኖች በኩል።

የኃይሉ መርጊያን ነገር ሰምታችኋል። ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ደለስ ኤርፖርት፣ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞራል፣ ተራ እየጠበቀ እዚያው መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። የድሮ ሥራዎቹ እንደገና ታትመው ዓለም ሲያገኘው ጣቱ ዝግጁ ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ መገኘቱ ነው። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ስለዚያ የኤርፖርት ሰልፍ ነው። ብርዱ ላይ ምን ይለማመድ ነበር? ተሳፋሪ መሃል ላይ ሲያቋርጠው ይናደድ ነበር?

ሌቨን ሄልምን ልንገራችሁ ብዬ ነበር። ጉሮሮውን ካንሰር ያዘው፣ ድምፁ ሄደ፣ የሕክምና ዕዳ ተከመረበት። ቤቱ ውድስቶክ ነበር፣ ከኒውዮርክ ከተማ ርቆ ገጠር ነው። እዚያ ያለውን ትልቅ የጎተራ ቤቱን ከፍቶ ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀመረ። ሰዉ ከከተማ እየነዳ እሱ ቤት ይመጣ ነበር። ድምፁም ቀስ በቀስ ተመለሰለት። አባዶ ሩቅ ነው ለምትሉኝ ሁሉ ይሄን እነግራለሁ። ቦሌ ያለው ሙዚቃ ቤት ሁሉ ሞልቶ ነው እንዴ?

የፒርት የመጨረሻ ኮንሰርት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2015 ሎስ አንጀለስ ነበር። ትከሻው ያመዋል፣ እግሩ ያመዋል፣ እንደ ድሮው ካልመታሁ ይቅርብኝ ብሎ ነው ያቆመው። በስንት ዓመት ኮንሰርት ሲያልቅ ወደ ፊት ወጥቶ እጅ ነስቶ አያውቅም፣ የድራመር ቦታ ከኋላ ነው ይል ነበር። ያን ቀን ግን ተነስቶ መጣና ሁለቱን ጓደኞቹን አቀፋቸው። እነሱም ደነገጡ። ከዚያ ታመመ፣ የአንጎል ካንሰር። ከሦስት ዓመት በላይ ታሞ ወዳጆቹ ምስጢሩን ጠበቁለት። የሞተው ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 ነው። ይቺንም ቀን ታውቋታላችሁ፣ የገና ዕለት ነበረች።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። እጅ ያወጡት እናት፣ ይቀጥሉ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ የልጄ ድብደባ ግድግዳውን ሊያፈርሰው ነው፣ ምን ላድርገው?»

አይሣቁ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከታች ያሉት ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ሲመቱ በስንት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ፓዷን ጠረጴዛ ላይ እንዳያስቀምጣት፣ ጠረጴዛው ራሱ ድራም ይሆናል። ጋቢ ለአራት አጥፎ ከስር ያድርግ። እግሩንም መሬት ላይ አይምታ፣ ወደ ታች የሚወርደው ድምፅ ከእጁ ይልቅ የእግሩ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ያቁም።

ኮሚቴው ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉን ፈቅዶልናል። የእኔን ስኔርና ሃይ-ሃት አወርዳለሁ፣ ቤዝ ድራሙን የሚሸከም ሁለት ጎረምሳ እፈልጋለሁ። ዱላ የሌለው ልጅ ባዶ እጁን ይምጣ። የድሮ ሙዚቀኛ ጎረቤት ያላችሁም ይዛችሁት ኑ፣ እዚሁ ብሎክ ውስጥ ሁለት አውቃለሁ፣ አንዱ ትራምፔት ይነፋ ነበር፣ አሁን የብሎኬት ንግድ ላይ ነው። እንዲነፋ አታስቸግሩት። ስለ ብሎኬቱ ጠይቁት።

ሌላ ጥያቄ ያለው?